ድራም ኮር ለማየት ስትወጡ ከፓርኪንጉ ጀምሩ

ድራም ኮር የሚባለውን የጡሩንባና የከበሮ ትርዒት ለማየት መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጥኩ። ትኬቱን ስቆርጥ ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ቲያትር ቢሆን፣ ኮንሰርት ቢሆን፣ ሰው የሚጋፋው ፊት ለመቀመጥ አይደል? ትርዒቱ ሲጀመር ያየሁት ማሪምባ የሚባለውን በዱላ የሚመታ የእንጨት መሣሪያ የምትመታ የአንዲት ልጅ ትከሻና ቱባ የሚባለውን ትልቅ ጡሩንባ የሚነፋ የአንድ ልጅ ጉልበት ብቻ ነው። ከበላዬ ያለው ሕዝብ በየመሃሉ እየጮኸ ይነሣል። ምን አይቶ እንደሆነ ግን አላውቅም። ዞር እያልኩ የሰው ፊት አያለሁ።

አብሮኝ የነበረው የእህቴ ልጅ ነው። ሃይስኩሉ ማርሽ ባንድ ውስጥ ስኔር የሚባለውን ከበሮ ይመታል። ያኔ 15 ዓመቱ ነበር። «አጎቴ፣ ላይ እንቀመጥ ብዬህ ነበር እኮ» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ብሎኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሰመር በመጣ ቁጥር ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነሥተን የማንነዳው መንገድ የለም። ጓደኞቼ «ደግሞ ይሄ ከበሮህ ምንድን ነው?» ሲሉኝ የምነግራቸውን ነው እዚህ በተራ የጻፍኩት። የመጀመሪያ ቀናችሁ እንደ እኔ የመጀመሪያ ቀን እንዳይባክን።

ምን ልታዩ እንደሆነ

ማርሽ ባንድ ሲባል ብዙዎቻችን ዓይን ላይ የሚመጣው የፖሊስ ወይም የክብር ዘበኛ ባንድ ነው። ነጭ ጓንት፣ ቀጥ ያለ ሰልፍ፣ የሚያብረቀርቅ ጡሩንባ። ድራም ኮር የዚያ የሥጋ ዘመድ ነው። «ኮር» የሚለው ቃል ጦር ሠራዊት ካስታወሳችሁም አልተሳሳታችሁም። አሜሪካ ውስጥ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የቀድሞ ወታደሮች ማኅበራት በየከተማው የከበሮና የጡሩንባ ቡድን ያቋቁሙ ነበር። የዛሬዎቹ ኮሮች የዚያ ልማድ ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው። የዊስኮንሲኑ ማዲሰን ስካውትስ በ1938፣ ቦስተን ክሩሴደርስ በ1940 ተመሠረቱ። (ዓመቶቹ ሁሉ የፈረንጅ ናቸው።)

ዛሬ ግን ከወታደርነቱ የቀረው ጥቂት ነው። እስከ 165 የሚደርሱ ወጣቶች፣ ትልቁ ቢበዛ 22 ዓመቱ፣ የአሜሪካ ፉትቦል ሜዳ ላይ ይወጣሉ። ክላሪኔት የለም፤ ሳክስፎን የለም። የነሐስ ጡሩንባ፣ ከበሮ፣ እንዲሁም ባንዲራ፣ የእንጨት ጠመንጃና ሰይፍ የሚወረውሩ ዳንሰኞች ብቻ ናቸው። እነዚህን ከለር ጋርድ ይሏቸዋል። አንዱ ትርዒት ከ10 እስከ 12 ደቂቃ ቢፈጅ ነው። እየሮጡ ይነፋሉ፣ እየነፉ ይሮጣሉ። ኳስ የለም፤ ስለዚህ ሕዝቡ በእረፍት ሰዓት ሆትዶግ ሊገዛ አይነሣባቸውም። ስታዲየሙ የሞላው ለእነሱ ነው።

ውድድሩን የሚመራው ድራም ኮር ኢንተርናሽናል ነው፤ ሁሉም ሰው ዲሲአይ ነው የሚለው። በ1971 ተቋቋመ። በዓመቱ የመጀመሪያውን ሻምፒዮና ዋይትዋተር በምትባል የዊስኮንሲን ከተማ አካሄደ። ለመነሻ ይህ ይበቃል።

አንድ፦ ትርዒት ምረጡ፣ ግን ፍጻሜውን አትምረጡ

ሲዝኑ ከጁን መጨረሻ እስከ ኦገስት ሁለተኛ ሳምንት ነው። ኮሮቹ በአውቶቡስ አገር ለአገር ይዞራሉ። ዛሬ ኦሃዮ ከሆኑ ነገ ፔንሲልቬንያ ናቸው። ሌሊት ይጓዛሉ፣ ትምህርት ቤት ጂም ወለል ላይ ይተኛሉ፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ይለማመዳሉ፣ ማታ ይወዳደራሉ። የዓመቱ ፕሮግራም ድረ ገጻቸው ላይ ይወጣል። አበሻ በብዛት ያለባቸው ከተሞች በዚህ በኩል ዕድለኞች ናቸው። ዳላስ አካባቢ፣ አትላንታ፣ ሚኒያፖሊስ ያላችሁ ብዙ ጊዜ ደጃችሁ ድረስ ይመጡላችኋል። ዲሲና ሜሪላንድ ያለን ደግሞ የምንነዳው ወደ ፔንሲልቬንያዋ አለንታውን ነው። መንገዱ ከቀና ሦስት ሰዓት ተኩል ቢፈጅ ነው። እዚያ ትርዒቱ ለዓመታት ሁለት ምሽት ተከታትሎ ሲካሄድ ኖሯል።

ጀማሪ ሁሉ የሚሠራት ስህተት አለች። «አንዴ ልይ ከሆነ ትልቁን ልይ» ብሎ ኢንዲያናፖሊስ ለፍጻሜው ትኬት ይቆርጣል። እንደኔ ከሆነ ይህ ልብ ወለድን ከመጨረሻው ምዕራፍ እንደ መጀመር ነው። የዚህ ነገር ጣዕሙ ያለው በለውጡ ውስጥ ነው። በጁን የምታዩት ትርዒት ገና ያልበሰለ ነው። አንዳንዱ ኮር ልብሱ አልደረሰለትም። አንዳንዱ የመጨረሻዋን ደቂቃ ገና አልጻፋትም፤ ቆመው ነፍተው ይጨርሳሉ። በጁላይ መሃል ስትመለሱ ያው ሙዚቃ ነው፣ ግን ሜዳው ላይ ሌላ ነገር ይሆናል። ሠላሳ ሰከንድ ቆርጠው ጥለዋል፤ አንድ አዲስ ውርወራ ገብቷል። ይህንን ለማየት ሁለት ቀን ያስፈልጋል።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። በጁን ማለቂያ ቅርባችሁ ያለች ትንሽ ትርዒት ፈልጉ። የሃይስኩል ስታዲየም ብትሆን ይበልጥ ጥሩ ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ ትልቅ ጨምሩ። የሳን አንቶኒዮው አላሞዶም፣ አትላንታ ወይም አለንታውን ይሆናል።

ሁለት፦ ወንበር

ላይ ተቀመጡ። ደግሜ ልበለው፤ ላይ ተቀመጡ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ትርዒቱን የሚነድፉት ሰዎች ልምምዱን የሚያዩት ከማማ ላይ ነው። ሜዳው ላይ የሚሳለው ቅርጽ ከላይ ለሚያይ ዓይን የተሠራ ነው። ከታች ሆናችሁ የምታዩት ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ ነው። ከላይ ግን ያው ሰው ክብ ይሆናል፣ ክቡ ይፈታል፣ ቀጥ ያለ መስመር ሆኖ በሌላ መስመር መሃል ሳይነካካ ያልፋል።

ጎኑንም አትሳቱ። ኮሮቹ የሚጫወቱት ወደ አንድ ወገን ዞረው ነው። ትኬት ስትቆርጡ የፊቱ ወገን መሆኑን አረጋግጡ። የሜዳው እኩሌታ 50 ያርድ የሚባለው መስመር ነው። ከዚያ ግራና ቀኝ እስከ 35 ያርድ መስመር ድረስ ያለው ወንበር ጥሩ ነው። በጀት ካነሰ ጎን ላይ ከመውረድ መሃሉን ሳትለቁ ወደ ላይ መውጣት ይሻላል። ርቀቱ አያስፈራችሁ። 70 ምናምን ጡሩንባ ወደ እናንተ ዞሮ ሲነፋ ርቀት የሚባል ነገር የለም።

ሁለተኛውን ወይም ሦስተኛውን ትርዒት ስታዩ ግን አንዴ ሆን ብላችሁ ታች ውረዱ። ያኔ ቅርጹን ታውቁታላችሁ። ከታች የምታዩት ላቡንና ትንፋሹን ነው። የእኔ የሦስተኛ ረድፍ ስህተት ወንበሩ ሳይሆን ቀኑ ነበር።

ሦስት፦ ምን ልያዝ

ይህ ብዙ ወሬ አይፈልግም። የሃይስኩል ስታዲየም ወንበር የብረት አግዳሚ ነው፤ ቀን ሲጋል የዋለ። ትራስ ያዙ። ባርኔጣ፣ ውሃ፣ ስስ የዝናብ ልብስ ጨምሩ። ማታ ላይ ይቀዘቅዛል፤ እኔ ጋቢ እይዛለሁ፣ ጎረቤቶቼ ሁሌ ከየት እንደተገዛ ይጠይቁኛል። ልጅ ካላችሁ የጆሮ መከላከያ ግድ ነው። ትልልቅ ስታዲየሞች ከሚያሳይ የፕላስቲክ ቦርሳ ሌላ አያስገቡም፤ አስቀድማችሁ ሕጋቸውን እዩ። ቆሎ ኪስ ውስጥ ይገባል።

መብረቅ ካለ ትርዒቱ ይቋረጣል። ቶሎ አትሂዱ። ሜዳው ከተበላሸባቸው ጂም ውስጥ ገብተው ቆመው የሚጫወቱበት ጊዜ አለ። ያ ከተገኘ ዕድል ነው።

አራት፦ ፓርኪንጉ

ትርዒቱ 7 ሰዓት ከሆነ 4 ሰዓት ላይ ድረሱ። የፈረንጅ ሰዓት ነው የምነግራችሁ። 7 ሰዓት ሲሉም 7 ሰዓት ነው፤ የእኛ ሠርግ አይደለም። እያንዳንዱ ኮር ሜዳ የሚረግጥባት ደቂቃ አስቀድማ ተጽፋለች።

ከስታዲየሙ ጀርባ ዙሩ። አውቶቡሶችና ረጃጅም የጭነት መኪናዎች የቆሙበትን ፈልጉ፣ ከዚያ ጆሯችሁን ተከተሉ። መጀመሪያ የምትሰሙት ምት የሚቆጥረው መሣሪያ፣ የሜትሮኖም ድምፅ ነው። በስፒከር ለቀውት ቃ፣ ቃ፣ ቃ፣ ቃ ይላል። አጠገቡ ከበሮዎቹ በአንድ መስመር ቆመዋል። ትርዒቱ ከሚጀመርበት ሰዓት በፊት ነጻ የሆነ፣ ትኬት የማይጠየቅበት ሌላ ትርዒት እዚህ አለ። አንዳንድ ሰው ለዚህ ብቻ ነው የሚመጣው፤ ስታዲየም ውስጥ ሳይገባ ወደ ቤቱ ይመለሳል። እኔ እዚህ ደረጃ ላይ አልደረስኩም። የእህቴ ልጅ ደርሷል።

መሃል ላይ የቆመውን ስኔር መቺ እዩት። ዱላው ላይ ነጭ ቴፕ ተጠምጥሟል፤ ጫፉ ላይ ተቦጫጭቋል። ፊቱ ላይ ምንም የለም። በአፉ «ደት፣ ደት፣ ደት፣ ደት» ይላል፤ ልክ ሰው እንደማይሰማው። በአራተኛው ላይ ስምንት ዘጠኝ ዱላ እኩል ይወርዳል። የሚሰማው ግን አንድ ከበሮ ነው። ያኔ ዓይናችሁን ከእጆቻቸው ወደ ዱላው ጫፍ መልሱት። ጫፎቹ ሁሉ የሚነሡት እኩል ከፍታ ድረስ ነው፤ አንዱ አንድ ጣት ከፍ ቢል አሠልጣኙ በጣቱ ብቻ ይጠቁመዋል። ልጁ ቀና አይልም። በሚቀጥለው ዙር ግን ዱላው ዝቅ ብሎ ታዩታላችሁ።

ከዚያ ወደ ቤዝ ድራሞቹ ሂዱ። ብዙውን ጊዜ አምስት ናቸው፤ ከትንሽ እስከ በርሜል የሚያህል። እያንዳንዱ ልጅ ያለው አንድ ድምፅ ነው። ዜማው ከአንዱ ወደ አንዱ እየዘለለ ይሄዳል፤ በሰከንድ ውስጥ አምስቱንም አዳርሶ ይመለሳል። እምቢልታ ሲነፋ ያየ አበሻ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። አንዱ እምቢልታ ብቻውን ዜማ አይሆንም፤ ሦስቱ ሲመላለሱ ነው ዜማ የሚወጣው። እዚህ ደግሞ ፍጥነቱ ያሳብዳል።

ነሐሶቹ ራቅ ብለው በግማሽ ክብ ይቆማሉ። አንድ ኖታ ይዘው ዝም ብለው ይነፋሉ፤ ረዥም፣ ቀስ ያለ። ለጀማሪ አሰልቺ ሊመስል ይችላል። ከክቡ አፍ ፊት ለፊት ለአንድ ደቂቃ ያህል ቁሙ። ድምፁ በጆሮ ሳይሆን በደረት ነው የሚገባው።

ፓርኪንጉም ሥርዓት አለው። በከበሮ መቺዎቹና በአሠልጣኛቸው መሃል አትቁሙ። መስመራቸውን አቋርጣችሁ አትለፉ። ሕፃን ልጃችሁ ከበሮ ልንካ ካለ አይሆንም በሉት። ወደ በሩ መጓዝ ሲጀምሩ መንገድ ልቀቁ፤ «በርቱ» ማለት ይቻላል፤ መልስ ግን አትጠብቁ። ጨርሰው ሲወጡ ሌላ ሰዎች ናቸው፤ ይስቃሉ፣ ያወራሉ፣ ፎቶ ይነሣሉ።

አምስት፦ ምኑን ልይ?

165 ሰው በአንዴ ማየት አይቻልም። አትሞክሩ። የመጀመሪያውን ኮር ዝም ብላችሁ እዩት፤ ዓይናችሁ ወደ ወደደው ይሂድ። ከሁለተኛው ጀምሮ ግን ሥራ ስጡት።

በአንዱ ኮር ላይ አንድ ሰው ብቻ ምረጡ፤ ቱባ ነፊ ቢሆን ጥሩ ነው። ከ10 ኪሎ በላይ የሆነ ነገር ትከሻው ላይ ተሸክሟል። እግሩ ወደ ጎን ይሮጣል፣ ደረቱ ግን ወደ እናንተ ነው። ኋላ ኋላ ይሄዳል፣ ዞሮ አያይም፤ የሚቆምባትን ቦታ ግን አይስታትም። አሥር ደቂቃ እሱን ብቻ ካያችሁ በኋላ ለቀረው 164 ሰው አክብሮታችሁ ይለወጣል።

በሌላው ላይ ከለር ጋርዱን እዩ። ጠመንጃው ይወረወራል፣ አየር ላይ አምስት ስድስት ጊዜ ይዞራል። እሷ ወደ ላይ አታይም፤ እጇን ዘርግታ ትጠብቀዋለች። ሃያ ሰው እኩል ከያዘው የሚሰማ ድምፅ አለ፤ አንድ ጊዜ «ጧ!»። ቢወድቅም አትደንግጡ። አንሥታ የምትቀጥልበት መንገድ ራሱ የተለማመዱት ነገር ነው።

ፊት ለፊት ከመስመሩ ወዲህ ያሉት ማሪምባዎችና ቫይብራፎኖች አይንቀሳቀሱም፤ በዚህ የተነሣ ይረሳሉ። በአራት ዱላ የሚመቱትን እጆች አንዴ እዩ። እዚያው ሲንተሳይዘርና ማይክ አለ። ድምፅ ማጉያ የተፈቀደው በ2004፣ ኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ ደግሞ በ2009 ነው። የድሮ ተመልካቾች እስከ ዛሬ ያማርራሉ። እኔም ግማሽ በግማሽ ከእነሱ ጋር ነኝ። መሬት የሚያንቀጠቅጠው የስፒከር ጉርምርምታ አንዳንዴ የነሐሱን ድምፅ ይበላዋል። አንድ ሰው ስንት ሰዓት ተለማምዶ ያወጣውን ድምፅ በአንድ ቁልፍ መሸፈን አይገባኝም።

መቼ ነው የሚጨበጨበው? መጨረሻ ላይ ብቻ አይደለም። ማኅሌት ላይ እልልታ የት እንደሚገባ ማንም አይነግራችሁም፤ ወረቡ ሲጦፍ ራሱ ይወጣል። እዚህም እንደዚያው ነው። ነሐሶቹ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር በአንድ መስመር ይዘው እየነፉ ወደ እናንተ ሲመጡ ታያላችሁ። ካምፓኒ ፍሮንት ይባላል፤ አሮጌ ዘዴ ነው፤ ሁሌም ይሠራል። ቁሙ። እልል ብትሉም ማንም አይከፋበትም፤ ሞክሬዋለሁ።

ክልክሉ ሁለት ነው። ኮር ሜዳ ላይ እያለ ከወንበራችሁ ተነሥታችሁ አትሂዱ፤ በሁለቱ መሃል ጊዜ አለ። በስልክ ቪዲዮ መቅረጽም አይፈቀድም።

ስድስት፦ ነጥብ

ነጥቡ ከ100 ነው። 40ው ለአጠቃላይ ስሜት፣ 30ው ለዓይን፣ 30ው ለሙዚቃ። አጠቃላይ ስሜት ያልኩት እነሱ ጄኔራል ኢፌክት የሚሉትን ነው፤ «ይህ ትርዒት ያዘኝ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ማለት ነው። ብዙ ሰው ውዝግብ የሚያነሣውም እዚህ ላይ ነው።

የጁን ነጥብ አያስደንግጣችሁ። ጥሩ ኮር በሰባዎቹ ጀምሮ በኦገስት ዘጠናዎቹ ውስጥ ይገባል። የተለያየ ከተማ፣ የተለያየ ዳኛ ያየውን ነጥብ ጎን ለጎን አስቀምጦ መጨቃጨቅም የጀማሪ ምልክት ነው። (የቆዩትም ያደርጉታል። እኔም አደርገዋለሁ።) በአንድ ምሽት ያለውን ልዩነት ብቻ አወዳድሩ። ልዩነቱ የምን ያህል ፀጉር እንደሆነ ለማወቅ 2008ን ማየት ይበቃል። ፋንተም ሬጅመንት በ98.125 ሲያሸንፍ የካሊፎርኒያው ብሉ ዴቪልስ 98.100 ነበረው። ሁለት ወር ሙሉ ለፍቶ በ0.025። ብሉ ዴቪልስም ቢሆን አይታዘንለትም፤ 21 ዋንጫ አለው። በ2014 ያገኘው 99.650 ከዚያ ወዲህ ማንም ያልደረሰበት ነጥብ ነው።

ሰባት፦ አንድ ኮር ያዙ

የኳስ ቡድን እንደምትይዙት ነው። የሚያሸንፈውን ብቻ የሚይዝ ሰው ሲዝኑ ያጥርበታል። ቦስተን ክሩሴደርስን የያዙ ሰዎች ስንት ዓመት ጠበቁ! በ2025 ለመጀመሪያ ጊዜ ዋንጫውን ሲወስድ ኮሩ 85 ዓመቱ ነበር።

ከያዛችሁ ደግሞ ቲሸርት ከራሱ ከኮሩ ጠረጴዛ ግዙ። እነዚህ ትርፍ የማይሠሩ ድርጅቶች ናቸው። ስም ያለው ኮር እንኳ ይዘጋል። ከ1934 ጀምሮ የኖረው፣ አሥር ጊዜ ሻምፒዮን የሆነው ካዴትስ በ2024 ተዘግቷል።

ከዚያም የሚያልፍ ፍቅር ካላችሁ ኩሽናው አለ። እያንዳንዱ ኮር ወጥ ቤት የሆነ የጭነት መኪና ይዞ ይዞራል። በቀን አራት ጊዜ ለ200 ሰው ያህል ይበስላል፤ የሚያበስሉትም በአብዛኛው የልጆቹ ወላጆችና በጎ ፈቃደኞች ናቸው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት 6 ሰዓት ላይ ሄድኩ። ኃላፊዋ አንዲት አሮጊት ናቸው፤ ስሜን ሳይጠይቁ ቢላዋና አንድ ጆንያ ሽንኩርት ሰጡኝ። እኔ ደግሞ ሽንኩርት የተማርኩት እናቴ ዘንድ ነው፤ ለዶሮ ወጥ የሚሆን አድርጌ አደቀቅኩት። መጥተው አዩና ዝም አሉ። ከዚያ «ልጄ፣ ይሄ ለሃምበርገር ነበር» አሉኝ። ሁለተኛውን ጆንያ በክብ በክቡ ከተፍኩ። የደቀቀውን ምሳ ላይ ስጎ ሠሩበት፤ ልጆቹ ድጋሚ ወረፋ ያዙ።

ስምንት፦ ፓሬድ

ፓሬድ ከውድድሩ የተለየ ደስታ አለው። ሜዳ የለም፣ ማሪምባ የለም፣ ቅርጽ የለም፤ ኮሩ መንገድ ይዞ በፊታችሁ ያልፋል። ጁላይ 4 ዋናው ቀን ነው። ሮድ አይላንድ ውስጥ ብሪስቶል የምትባል ከተማ ከ1785 ጀምሮ በየዓመቱ ይህን በዓል ታከብራለች። የፓሬዱ መንገድ መሃል መስመር ራሱ ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ተቀብቷል። ዲሲ ላይ ደግሞ ኮንስቲትዩሽን አቬኑ አለ። እዚያ የምታዩት በብዛት የሃይስኩል ባንድና የዋሽንትና ከበሮ ጓድ ነው፤ ለጆሮ ማለማመጃ ጥሩ ነው።

የፓሬድ ችግሩ አንድ ነው። ሁለት ሰዓት ጠብቃችሁ የወደዳችሁት ኮር በአንድ ደቂቃ ያልፋል። ዘዴው የምትቆሙበት ቦታ ነው። መንገዱ የሚታጠፍበት ማዕዘን ፈልጉ፤ እዚያ ሰልፉ ይቀዘቅዛል። የውስጠኛው ረድፍ ባለበት ይረግጣል፣ የውጪው ይረዝማል፤ መስመሩ ሳይበጠስ ሲዞር ማየት ብቻውን በቂ ነው። ግራና ቀኙ ፎቅ የሆነ ጠባብ መንገድ ካገኛችሁ ድምፁ ይከማቻል። መነሻው አካባቢ አትቁሙ፤ ገና አልሞቁም። መጨረሻው አካባቢም ደክመዋል፤ መሃሉ ይሻላል።

ሙዚቃው ሲቋረጥ ጆሯችሁን አትንቀሉ። አንድ ስኔር ብቻውን «ታክ፣ ታክ» እያለ እርምጃውን ይይዛል። በዚያች ድምፅ ውስጥ የመቶ ሰው ጫማ አስፋልቱን እኩል ሲረግጥ ይሰማል። እኔ እዚህ ላይ ቦታዬን ትቼ በእግረኛው መንገድ ጎን ለጎን እሄዳለሁ። ሕዝቡን እየገፋችሁ ካልሆነ ማንም አይናገራችሁም።

ዘጠኝ፦ አሁን ኢንዲያናፖሊስ

አንድ ሙሉ ሲዝን ካያችሁ በኋላ ሂዱ። ፍጻሜው ከ2009 ጀምሮ የሚካሄደው ሉካስ ኦይል ስታዲየም ነው፤ በኦገስት ሁለተኛ ሳምንት። ሐሙስ ሁሉም ይወዳደራሉ፣ ዓርብ 25 ይቀራሉ፣ ቅዳሜ 12። ገንዘብ ለአንድ ቀን ብቻ ከበቃችሁ እኔ ሐሙስን እመርጣለሁ። ቀኑን ሙሉ ነው፣ ሁሉንም ታያላችሁ። ቅዳሜ ግን ለማልቀስ ነው። ዕድሜያቸው ያበቃ ልጆች የመጨረሻዋን ኖታ ነፍተው ሲወርዱ እዩ። አንዳንዱ ከ16 ዓመቱ ጀምሮ እዚያ ነበር።

ስታዲየሙ ጣሪያ ስላለው ድምፁ ይመላለሳል። ለዚህም ከታች ይልቅ መሃል ከፍታ ላይ መቀመጥ ይሻላል። መሄድ ያልቻለ ኦንላይን በክፍያ ማየት ይችላል፤ ፊልም ቤቶችም በቀጥታ የሚያሳዩበት ጊዜ አለ። አውሮፓ ያላችሁ ደግሞ ኔዘርላንድስና እንግሊዝ የራሳቸው ኮሮች አሏቸው።

አሥር፦ ልጁ «እኔም ልግባ» ካለ

ይላል። ከሦስተኛው ትርዒት በኋላ የእህቴ ልጅም አለ። እናቱ የሰማችውን ማመን አቃታት። «ብር ከፍለህ? ጂም ወለል ላይ ልትተኛ?» አዎ፣ ከፍሎ ነው። ትልልቆቹ ወርልድ ክላስ ኮሮች ዘንድ የአንድ ሲዝን ክፍያ ብዙ ጊዜ ከ5,000 ዶላር ያልፋል። መኝታና ምግብ፣ ጉዞና ትምህርት በውስጡ ነው፤ ግን ገንዘብ ነው። ኦፕን ክላስ የሚባሉት አነስ ያሉ ናቸው፤ ጉዞው ያጥራል፣ ወጪውም ይቀንሳል። ለመጀመሪያ ዓመት እነሱን እመክራለሁ።

ሙከራው የሚጀምረው ብርዱ ሳይገባ፣ ከኖቬምበር አካባቢ ነው። ቪዲዮ ይላካል ወይም ካምፕ ይኬዳል። ልጁ ባይገባም ካምፑ ራሱ ትምህርት ነው፤ አንድ ቅዳሜና እሑድ ከነዚያ መምህራን ጋር ማሳለፍ የአንድ ዓመት ያህል ያስተምራል። እስከዚያ ቤት ውስጥ የጎማ መለማመጃ ግዙለት። የጎረቤት ሰላም ትገዛላችሁ።

የእኛው ልጅ ቪዲዮውን ልኳል። መልሱ ገና ነው። እህቴ እስከ ዛሬ ድረስ «አይሆንም» እንዳለች ነች። ባለፈው ሳምንት ግን ሁለት የሚነፋ ፍራሽ ገዝታ መጣች። ሁለት ለምን? አልኳት።

«አንዱ መተንፈሱ አይቀርም» አለች።